ኢንዛይም ገቺዎች እንዴት ይሠራሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከባዮኬሚስትሪ ተማሪዎችም መድኃኒት ከሚወስዱ ሰዎችም በብዛት የሚነሡትን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድረናቸዋል፤ ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢንዛይም ገቺ ሲባል ምን ማለት ነው?

በሰውነታችን ውስጥ የሚካሄደው ኬሚካላዊ ለውጥ ሁሉ ማለት ይቻላል የራሱ ኢንዛይም አለው። ኢንዛይም አብዛኛውን ጊዜ ፕሮቲን ነው። ሰብስትሬት የሚባለውን ንጥረ ነገር በአካሉ ላይ ባለ ጎድጓዳ የሥራ ስፍራ ይይዛል፣ ይለውጠዋል፣ ይለቅቀዋል፣ ወዲያው ሌላ ይይዛል። እሱ ራሱ በሥራው አያልቅም። ያለ ኢንዛይም ለውጡ ጨርሶ አይቀር ይሆናል፤ ነገር ግን ሕይወት ልትጠብቀው በማትችለው ዝግታ ነው የሚካሄደው።

ገቺ ማለት ከኢንዛይሙ ጋር ተጣብቆ ይህን ሥራ የሚያዘገይ ወይም የሚያስቆም ንጥረ ነገር ነው። ከሴሉ ከራሱ ሊመነጭ ይችላል፤ ከመድኃኒት፣ ከምግብ፣ ከእባብ መርዝ ወይም ከፀረ ተባይ ርጭትም ሊመጣ ይችላል። ፈዋሹን ከገዳዩ የሚለየው የትኛውን ኢንዛይም እንደያዘ፣ ምን ያህሉን እንደያዘና መቼ እንደሚለቅቀው ነው።

ገቺ ሁሉ ጎጂ አይደለም እንዴ? ሴል የራሱን ኢንዛይም ለምን ይገታል?

ያለ ገቺ የሚኖር ሴል የለም። ጉበታችን ስኳር የሚሰብሩ ኢንዛይሞችም ስኳር የሚሠሩ ኢንዛይሞችም በአንድ ሴል ውስጥ ጎን ለጎን አሉት። ሁለቱም ወገኖች በአንድ ጊዜ ሙሉ ኃይላቸውን ቢሠሩ አንዱ የሠራውን ሌላው እያፈረሰ፣ ትርፉ ጉልበት ማባከንና ሙቀት ብቻ ይሆን ነበር። አንዱ ሲሠራ ሌላው የሚገታው በዚህ ምክንያት ነው። ሜታቦሊዝም (በሰውነት ውስጥ የሚካሄዱት ኬሚካላዊ ለውጦች ድምር) ሲባል የኢንዛይሞች ትጋት ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ግማሹን ጉዳይ ዘንግተውታል።

ሙቀትና አሲድም ኢንዛይምን ያቆማሉ፤ እነሱም ገቺ ናቸው?

አይደሉም። ከፍተኛ ሙቀት የፕሮቲኑን ቅርጽ ያፈርሳል፤ የተቀቀለ እንቁላል ወደ ጥሬነቱ እንደማይመለስ ሁሉ እንዲህ የፈረሰ ኢንዛይምም አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ገቺ ግን ኢንዛይሙን ሳያፈርስ የሚይዝ የተወሰነ ሞለኪውል ነው። ፈተና ላይ ሁለቱን የሚያምታታ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣልና ልብ ይበሉ።

«ተፎካካሪ» እና «ተፎካካሪ ያልሆነ» ገቺ በምን ይለያያሉ?

ተፎካካሪው ሰብስትሬቱን ስለሚመስል በዚያው የሥራ ስፍራ ላይ ይቀመጣል። ዋናው ምሳሌ ማሎኔት ነው። ሱክሲኔት የተባለው ሰብስትሬት አራት ካርቦን ያለውና በሁለቱም ጫፎቹ የአሲድ ቡድን የያዘ ሞለኪውል ነው። ማሎኔትም እነዚያው ሁለት ጫፎች አሉት፤ መካከሉ ግን በአንድ ካርቦን ያጠረ ነው። ሱክሲኔት ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለው ኢንዛይም በጫፎቹ ተታልሎ ማሎኔትን ይይዛል። ሥራው ከሁለት አጎራባች ካርቦኖች ላይ ሃይድሮጂን መንጠቅ ነውና ማሎኔት ላይ ሲደርስ የሚነጥቅበት ጥንድ ያጣል። ሁለቱ የሚሻሙት ለአንድ ስፍራ ስለሆነ ሱክሲኔት በብዛት ሲጨመር ማሎኔት ይሸነፋል።

ተፎካካሪ ያልሆነው ገቺ የሚቀመጠው ከሥራ ስፍራው ውጭ ነው። ሰብስትሬቱ እንደ ወትሮው ይገባል፤ ኢንዛይሙ ግን ቅርጹ ስለተዛባ ሥራውን መፈጸም ያቅተዋል። እዚህ ላይ ሰብስትሬት መጨመር ምንም አይፈይድም፤ ገቺው የያዘው ሌላ ቦታ ነውና። ለኤች አይ ቪ ሕክምና ለብዙ ዓመታት ያገለገሉት ኔቪራፒንና ኤፋቪሬንዝ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ የተባለውን የቫይረሱን ኢንዛይም የሚገቱት በዚህ መንገድ ነው።

ሜታኖል የጠጣ ሰው ሐኪም ቤት ሲደርስ ለምን አልኮል ይሰጠዋል?

ሜታኖል በራሱ ያን ያህል መርዛም አይደለም። ጉዳቱን የሚያመጣው ጉበት ሊያስወግደው ሲሞክር የሚፈጠረው ነገር ነው። አልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለው ኢንዛይም ሜታኖልን ወደ ፎርማልዲሃይድ ይለውጠዋል፤ ያም በፍጥነት ፎርሚክ አሲድ ይሆናል። ፎርሚክ አሲድ ደግሞ በተራው ገቺ ነው፤ ሴሎች ኦክስጅንን የሚጠቀሙበትን ሳይቶክሮም ኦክሲዴዝ ያውካል። የዓይን ነርቭ ለዚህ እጅግ ስስ ስለሆነ ሰውየው ከሞት ቢተርፍ እንኳ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል።

ተራው የመጠጥ አልኮል ኢታኖል ይባላል። ይኸው ኢንዛይም ከሜታኖል ይልቅ ኢታኖልን አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ሐኪሙ የኢታኖልን መጠን በደም ውስጥ እየለካ ሲሰጥ ኢንዛይሙ በኢታኖል ይያዛል፤ ሜታኖሉም ሳይለወጥ በኩላሊትና በትንፋሽ ለመውጣት ወይም በዲያሊሲስ ለመታጠብ ጊዜ ያገኛል። ፎሜፒዞል የተባለው መድኃኒት ሳያሰክር ያንኑ ኢንዛይም ስለሚገታ በተገኘበት ቦታ ይመረጣል። ይህ ግን የቤት ውስጥ ሕክምና አይደለም። ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ ጠጥቶ እይታው የደበዘዘ ሰው ተጨማሪ መለኪያ ሳይሆን አምቡላንስ ነው የሚያስፈልገው።

ሴሉ አንድ ነገር በቂ መሆኑን በምን ያውቃል?

ራሱ ምርቱ ይነግረዋል። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ውኃው ሲሞላ ተንሳፋፊዋ ኳስ ከፍ ብላ ቧንቧውን እንደምትዘጋው፣ የመጨረሻው ምርት ሲበዛ ወደ መጀመሪያው ኢንዛይም ተመልሶ ይገታዋል። ይህ በግብረ መልስ መግታት ይባላል። በ1956 ኤድዊን አምባርገር ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ ሲያጠና ይህን በግልጽ አየው። ባክቴሪያው አይሶሉሲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ከትሪዮኒን በአምስት እርምጃ ይሠራል። አይሶሉሲን ሲጠራቀም የሚይዘው አምስተኛውን ኢንዛይም ሳይሆን የመጀመሪያውን ነው። አስተዋይ አሠራር ነው፤ አምስተኛው ላይ ቢያቆም በመንገድ የቀሩት ግማሽ ምርቶች ተከማችተው ጥሬ ዕቃውም ጉልበቱም በባከነ ነበር።

አይሶሉሲን ግን ሰብስትሬቱን ትሪዮኒንን እምብዛም አይመስልም። ታዲያ ኢንዛይሙ ላይ የት ይቀመጣል? መልሱን አጥርተው ካሳዩት ውስጥ ጆን ጌርሃርትና አርተር ፓርዲ ይገኙበታል። በ1962 ባሳተሙት ሥራ፣ አስፓርቴት ትራንስካርባሞይሌዝ የተባለውን ኢንዛይም በጥንቃቄ ሲያሞቁት ወይም የሜርኩሪ ውህድ ሲጨምሩበት፣ ኢንዛይሙ መሥራቱን ሳይተው ሲቲፒ የተባለውን የመጨረሻ ምርት ግን «መስማት» አቆመ። ሥራው የሚሠራበት ስፍራና ትእዛዝ የሚቀበልበት ስፍራ የተለያዩ ናቸው ማለት ነው። ዣክ ሞኖና ባልደረቦቹ ይህን ዓይነት ቁጥጥር አሎስቴሪክ አሉት፤ ስሙም በዚያው ጸንቶ ቀረ።

ኤቲፒ የኃይል ምንጭ ሆኖ ሳለ የኃይል ማምረቻውን መንገድ ይገታል የሚባለው እንዴት ነው?

ግሉኮስ የሚሰበርበትን መንገድ በዋናነት የሚቆጣጠረው ፎስፎፍሩክቶካይኔዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ይህ ኢንዛይም ለሥራው ኤቲፒ ይፈልጋል፤ ኤቲፒ ሲበዛ ደግሞ በኤቲፒው ይገታል። ግራ የሚያጋባው ሁለት ስፍራ እንዳለው እስኪታወቅ ድረስ ብቻ ነው። የሥራ ስፍራው ኤቲፒን በጥቂቱም ቢሆን ይይዛል፤ የትእዛዝ ስፍራው የሚይዘው ግን ኤቲፒ በዝቶ ሲገኝ ነው።

ሯጭ ሲነሣ ይህ እግድ በቅጽበት መነሣት አለበት። የጡንቻ ኤቲፒ ግን በሩጫም ጊዜ ብዙም አይቀንስም፤ በ10 በመቶ ቢወርድ ነው። ይህን ያህል ትንሽ ለውጥ ምልክት መሆን ስለማይበቃው ሴሉ ኤኤምፒን፣ ማለትም ሁለት ፎስፌት የጎደለበትን ኤቲፒ፣ ይመለከታል። ኤቲፒ ጉልበቱን ሲሰጥ አንድ ፎስፌት ጎድሎት ኤዲፒ ይሆናል፤ ሁለት ኤዲፒዎች ተጋጭተው አንድ ኤቲፒና አንድ ኤኤምፒ ስለሚሆኑ፣ ከመነሻው እጅግ ጥቂት የነበረው ኤኤምፒ በብዙ እጥፍ ያድጋል። ኤኤምፒ ኢንዛይሙ ላይ ሲቀመጥ የኤቲፒ እግድ ይላላል። በሜታቦሊዝም ውስጥ ካሉት ሥርዓቶች ሁሉ ይህን ያህል የሚያምረኝ የለም።

ስንጾም ሰውነታችን ስብ ማቃጠል የሚጀምረው በምን ትእዛዝ ነው?

ማሎኒል ኮኤ የተባለ አንድ ሞለኪውል ሲቀንስ ነው። በልተን ስንጠግብ ኢንሱሊን ይጨምራል፤ ጉበት ትርፉን ስኳር ወደ ስብ መለወጥ ይጀምራል። የስብ ሥራ የመጀመሪያው ምርት ማሎኒል ኮኤ ነው። ይኸው ሞለኪውል በሌላ በኩል ሲፒቲ 1 የተባለውን ኢንዛይም ይገታል፤ ሲፒቲ 1 ደግሞ የስብ አሲዶች ወደሚቃጠሉበት ወደ ሚቶኮንድሪያ ለመግባት የግድ የሚያልፉበት ነው። ስለዚህ ስብ እየተሠራ ሳለ ስብ አይቃጠልም።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ወይም በረመዳን እስከ መግሪብ የሚቆይ ሰው ላይ ይህ ይገለበጣል። ኢንሱሊን ይወርዳል፣ ተቃራኒው ሆርሞን ግሉካጎን ይጨምራል፣ ማሎኒል ኮኤ የሚሠራው ኢንዛይም ራሱ ይገታል። ማሎኒል ኮኤ ሲያልቅ ሲፒቲ 1 ነጻ ይሆናል፤ ስቡም ይገባል። እዚህ ላይ «ቅባት አቃጣይ» እየተባለ የሚሸጥ ሻይ ምንም ድርሻ የለውም።

አስፒሪን ከደም ውስጥ በሰዓታት ይጠፋል፤ ሥራው ለምን ለቀናት ይቆያል?

አስፒሪን የማይለቅ ገቺ ስለሆነ ነው። ሳይክሎኦክሲጂኔዝ ወደተባለው ኢንዛይም ገብቶ ሴሪን በተባለው አሚኖ አሲድ ላይ ከራሱ ቆርሶ አሴቲል ቡድን ይለጥፍበታል። ከዚያ በኋላ አስፒሪኑ ቢሄድም ኢንዛይሙ እንደተዘጋ ይቀራል። ሌሎች ሴሎች አዲስ ኢንዛይም ሠርተው ይተኩታል። ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶች ግን ኒውክሊየስ ስለሌላቸው አዲስ መሥራት አይችሉም፤ እስኪሞቱ ድረስ እንደዚያው ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸውም ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ለልብ ሕሙማን በቀን አንዲት ትንሽ ክኒን የምትበቃው፣ ከቀዶ ሕክምና በፊትም «አስፒሪን ትወስዳለህ?» ተብሎ የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

ኢቡፕሮፌን በዚያው ኢንዛይም ላይ ይቀመጣል፣ ከሰዓታት በኋላ ግን ይለቅቃል። ቀድሞ ከተወሰደ አስፒሪን የሚገባበትን ቦታ ይዞ ይቆይና አስፒሪኑ ሳይለጥፍ ከደም ይጸዳል። ለልባቸው ተራውን አስፒሪን የሚወስዱ ሰዎች ኢቡፕሮፌን ካስፈለጋቸው ከአስፒሪኑ ቢያንስ 30 ደቂቃ በኋላ ወይም ከ8 ሰዓት በላይ ቀደም ብለው እንዲወስዱ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ኦሜፕራዞል ለምን ከምግብ በፊት ይወሰዳል? ለምንስ በመጀመሪያው ቀን አያሽልም?

ኦሜፕራዞል የሚገታው በጨጓራ ግድግዳ ላይ አሲድ የሚረጨውን ፓምፕ ነው። ሲዋጥ ገና ገቺ አይደለም፤ ወደ ገቺነት የሚለውጠው ራሱ አሲዱ ነው። የሚይዘውም በሥራ ላይ ያሉትን ፓምፖች ብቻ ነው። ባዶ ጨጓራ ላይ ብዙዎቹ ፓምፖች አርፈው ይቀመጣሉ፤ ምግብ ሲመጣ ይነሣሉ። መድኃኒቱ በደም ውስጥ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ግማሹ በአንድ ሰዓት ገደማ ይጠፋል። ስለዚህ ከቁርስ 30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ከተወሰደ ፓምፖቹ በሚነሡበት ሰዓት ደም ውስጥ ይገኛል። ሌሊት ሲያቃጥል ብቻ አንዷን ክኒን የሚውጥ ሰው ገንዘቡን ያባክናል ለማለት እደፍራለሁ።

አንዴ የተያዘ ፓምፕ አይለቀቅም። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን የሚያዙት ሁሉም አይደሉም፣ ሰውነትም አዳዲስ ይሠራል። ሙሉው ውጤት የሚታየው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው።

የደም ግፊት መድኃኒቴ ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል አመጣብኝ፤ ከኢንዛይም ጋር ምን ያገናኘዋል?

ኢናላፕሪል የሚገታው ኢንዛይም ሁለት ሥራ አለው። አንዱ አንጂዮቴንሲን 2 የተባለውን የደም ሥር የሚያጠብ ሆርሞን መሥራት ነው፤ ግፊቱ የሚወርደው ይህ ሲቆም ነው። ሁለተኛው ብራዲካይኒን የተባለውን ንጥረ ነገር መሰባበር ነው። ኢንዛይሙ ሲገታ ብራዲካይኒን ይጠራቀማል፣ የመተንፈሻ ቱቦን ያስቆጣል፣ ያስላል። ሳሉ ሽሮፕ በመጠጣት አይጠፋም። ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሎዛርታን ይለውጣል፤ ሎዛርታን ኢንዛይሙን ትቶ ሆርሞኑ የሚያርፍበትን ተቀባይ ስለሚዘጋ ብራዲካይኒንን አይነካም። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ነፍሰ ጡር ሴት ከሁለቱ አንዱንም መውሰድ የለባትም።

የዚህ መድኃኒት ቤተሰብ ትውልዱ ከብራዚል እባብ ነው። ቦትሮፕስ ጃራራካ የተባለው እባብ የነደፈው ሰው የደም ግፊቱ በድንገት ይወርዳል። በመርዙ ውስጥ የተገኙት ፔፕታይዶች ይህንኑ ኢንዛይም ይገቱ ነበርና፣ በእነሱ መነሻነት የተሠራው ካፕቶፕሪል በ1981 ለሕክምና በቃ።

የኮሌስትሮል መድኃኒቴ መጠን እጥፍ ሲሆን ኮሌስትሮሉ ለምን በእጥፍ አልወረደም?

ስታቲኖች ኤችኤምጂ ኮኤ ሪዳክቴዝ የተባለውን የኮሌስትሮል ሥራ ተቆጣጣሪ ኢንዛይም የሚገቱ ተፎካካሪዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ያገኘው ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በ1970ዎቹ መጀመሪያ 6,000 ገደማ የሻጋታና የፈንገስ ዝርያዎችን አንድ በአንድ ፈትሾ ነው። ሐሳቡም፣ ከተሕዋስያን ጋር የሚዋጋ ሻጋታ የጠላቱን የስብ ሥራ የሚያቆም ነገር ሳይኖረው አይቀርም የሚል ነበር።

ጉበት ግን ዝም ብሎ አይገታም። ኮሌስትሮል ሲያንሰው ኢንዛይሙን አብዝቶ ይሠራል፤ በተጨማሪም ከደም ውስጥ መጥፎ የሚባለውን ኤልዲኤል ኮሌስትሮል የሚያስገቡ ተቀባዮችን ያበዛል። የመድኃኒቱ ጥቅም በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ከሁለተኛው ነው። መጠኑ በእጥፍ በተጨመረ ቁጥር ኤልዲኤል የሚወርደው በተጨማሪ 6 በመቶ ገደማ ብቻ የሚሆነው የጉበቱ አጸፋ አብሮ ስለሚያድግ ነው። ሐኪሞች መጠን ከመደራረብ ይልቅ በሌላ መንገድ የሚሠራ ሁለተኛ መድኃኒት የሚጨምሩትም ለዚህ ነው።

የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከደም ማነስ ብረት ጋር በባዶ ሆድ አትውሰዱ የሚባለው ለምንድን ነው?

በአሁኑ ጊዜ በኢትዮጵያ በብዛት የሚሰጠው የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ሦስት ገቺዎችን በአንድ ክኒን ይይዛል፦ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲን እና ዶሉቴግራቪር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የዘረ መል ግንባታ ዕቃ መስለው ይገቡና ቫይረሱ የሚሠራውን ሰንሰለት መካከል ላይ ያቋርጡታል። ዶሉቴግራቪር ኢንቴግሬዝ በተባለው ኢንዛይም የሥራ ስፍራ ያሉትን ሁለት የማግኒዥየም አየኖች ይጨብጣል።

እንደ ማግኒዥየም ያሉ ብረታ ብረቶችን መጨበጥ የመድኃኒቱ ኃይል ነው፤ ድክመቱም እዚያው ላይ ነው። በአንጀት ውስጥ አይረን (የደም ማነስ ብረት)፣ ካልሲየም ወይም የጨጓራ ማስታገሻ ውስጥ ያለውን አሉሚኒየምና ማግኒዥየም ካገኘ እነሱን ይዞ ይቀርና ወደ ደም አይገባም። የአይረንና የካልሲየም ክኒን ከምግብ ጋር ከሆነ አብሮ ሊወሰድ ይችላል፤ ካልሆነ ዶሉቴግራቪሩ ከእነሱ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ ይወሰድ። ለጨጓራ ማስታገሻው ግን ሁልጊዜ ይህ የሰዓት ልዩነት ይጠበቃል።

የተባይ መርዝ የሚገድለው ኢንዛይም እና የመርሳት በሽታ መድኃኒት የሚገታው ኢንዛይም አንድ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ስሙ አሴቲልኮሊን ኢስቴሬዝ ነው። ነርቭ ለጡንቻና ለዕጢ መልእክት የሚያስተላልፍበትን አሴቲልኮሊን በሰከንድ በሺዎች እየሰባበረ መልእክቱን ያጸዳል። እንደ ማላታይን ያሉ ኦርጋኖፎስፌት ፀረ ተባዮች በኢንዛይሙ ላይ ፎስፌት ይለጥፉበታል። አሴቲልኮሊን ይጠራቀማል፤ ምራቅ፣ እንባና ላብ ይፈስሳሉ፣ የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠብባል፣ ልብ ይዘገያል፣ ሳንባ በአክታ ይሞላል፣ የመተንፈሻ ጡንቻ ይዝላል። ዶኔፔዚልና ኒዮስቲግሚን ይህንኑ ኢንዛይም በመጠኑ ይገቱና ይለቃሉ። የመጀመሪያው ለአልዛይመር፣ ሁለተኛው ለጡንቻ መዛል በሽታ ይሰጣል።

ሐኪም ቤት የሚሰጠው አትሮፒን ኢንዛይሙን ነጻ አያወጣም፤ የተጠራቀመው አሴቲልኮሊን የሚያርፍበትን ተቀባይ ይዘጋል። ፕራሊዶክሲም ግን ፎስፌቱን ከኢንዛይሙ ላይ ሊነቅል ይችላል፤ ያም በጊዜ ከተደረሰ ነው። ጊዜ ሲያልፍ የተለጠፈው ፎስፌት አንድ ቁራጭ ከራሱ ላይ ይጥልና ከዚያ ወዲያ አይነቀልም። በወተት ወይም በእንቁላል ለማስመለስ የሚባክነው ሰዓት ከዚህ ላይ ነው የሚቀነሰው። ርጭት የነካውን ልብስ ወዲያው ማውለቅ፣ ገላን በሳሙና ማጠብ፣ ሰውየውን ይዞ መሮጥ ነው የሚሻለው።

ጥሬ አኩሪ አተር ይፈጭና ለልጅ ገንፎ ይሁን?

አይሁን። አኩሪ አተር ተባይን ለመከላከል የሚሠራቸው ፕሮቲኖች ትሪፕሲን የተባለውን ፕሮቲን ፈጪ ኢንዛይም ይገታሉ። ኦስቦርንና ሜንዴል በ1917 እንዳሳዩት አይጦች በጥሬው አያድጉም፣ በበሰለው ግን ያድጋሉ። ከገቺዎቹ አንዱ በሰልፈር ማሰሪያዎች ስለተጠፈረ ሙቀትን ይቋቋማል፤ ስለዚህ ለይስሙላ ነካ ከማድረግ ይልቅ ዘፍዝፎ በደንብ መቀቀል፣ ማድረቅና ከዚያ መፍጨት ይሻላል።

ግሬፕፍሩት ከመድኃኒት ጋር የማይሆነው ለምንድን ነው? በተለያየ ሰዓት ብወስዳቸውስ?

ነገሩ የታወቀው በ1989 ካናዳ ውስጥ በአጋጣሚ ነው። ዴቪድ ቤይሊና ባልደረቦቹ ፌሎዲፒን የተባለ የደም ግፊት መድኃኒት ከአልኮል ጋር ያለውን ግንኙነት ሲያጠኑ የአልኮሉን ጣዕም ለመሸፈን ግሬፕፍሩት ጭማቂ ተጠቀሙ፤ የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ከተጠበቀው በላይ ወጣ። በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ሲፒ 3ኤ4 የተባለ፣ መድኃኒቶችን ገና ሳይገቡ የሚሰባብር ኢንዛይም አለ። የፍሬው ንጥረ ነገሮች እስከ መጨረሻው ይዘጉታል። አዲስ ኢንዛይም እስኪሠራ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ስለሚፈጅ ጠዋት ጭማቂ፣ ማታ ክኒን ማለት አያዋጣም። የኮሌስትሮል መድኃኒቱ ሲምቫስታቲን ለዚህ ተጋላጭ ነው። ጣፋጩ ብርቱካን ግን ይህ ጠባይ የለውም።

ተቃራኒውም አለ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን እነዚህን ኢንዛይሞች ያበዛቸዋል፤ ስለዚህ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ ሕክምና አብሮ የሚወስድ ሰው ዶሉቴግራቪሩን በቀን ሁለት ጊዜ 50 ሚሊ ግራም እንዲወስድ ይደረጋል። ዘርም ድርሻ አለው፦ በ1996 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ሲፒ 2ዲ6 የተባለውን ኢንዛይም የሚያሠራው ዘረ መል ተደራርቦ ተገኝቶባቸዋል። ይህ ኢንዛይም ኮዴይንን ወደ ሞርፊን የሚለውጠው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከተራው መጠን ብዙ ሞርፊን ሊያመርት ይችላል፤ ኢንዛይሙን የሚገታው ፍሉኦክሴቲን የተባለ የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ከኮዴይኑ ማስታገሻ ላያገኝ ይችላል።

ኬኤምና ቪማክስ በየትኛው ገቺ ይለወጣሉ? ሁልጊዜ ይምታታብኛል።

ቪማክስ ኢንዛይሙ ሰብስትሬት ሲትረፈረፍለት የሚደርስበት ከፍተኛ ፍጥነት ነው፤ ኬኤም ደግሞ ለዚህ ፍጥነት ግማሽ የሚበቃው የሰብስትሬት መጠን። ተፎካካሪ ገቺ በሰብስትሬት ብዛት ስለሚሸነፍ ቪማክስ አይነካም፣ ኬኤም ግን ይጨምራል። ንጹሑ ተፎካካሪ ያልሆነ ገቺ ቪማክስን ይቀንሳል፣ ኬኤምን ይተወዋል። ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ የሚይዘው ኢንዛይሙ ሰብስትሬቱን ከያዘ በኋላ ብቻ ነው። ይህ ሁለቱንም ይቀንሳል። መሸምደድ ከማስጨነቅ «ሰብስትሬት ብጨምር ገቺው ይለቅቃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይቀልላል።

አንድ ኢንዛይም በ50 በመቶ ቢገታ የመንገዱ ምርት በግማሽ ይቀንሳል?

አብዛኛውን ጊዜ አይቀንስም። ሄንሪክ ካክሰርና ጂም በርንስ በ1973 እንዳሳዩት የአንድ መንገድ ፍጥነት በኢንዛይሞቹ መካከል ተከፋፍሎ ነው የሚወሰነው፤ አብዛኞቹ ኢንዛይሞች ደግሞ ከሚፈለገው በላይ ናቸው። ከወላጆቹ አንድ የተበላሸና አንድ ደህና ዘረ መል የወረሰ ሰው የኢንዛይሙ ግማሽ ብቻ ኖሮት ጤነኛ ሆኖ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

በሕይወት ያለ ሴል ውስጥ የገቺው ዓይነትም ከሙከራ ቱቦው የተለየ ዕጣ አለው። መንገዱ መካከል ላይ ሲታገድ ከእግዱ በላይ ያለው ሰብስትሬት ይጠራቀማል። ተፎካካሪ ገቺ በዚህ ክምችት ቀስ በቀስ ይገፋል። ሰብስትሬቱ ከተያዘ በኋላ የሚይዘው ሦስተኛው ዓይነት ግን በክምችቱ ይበልጥ ይጠብቃል። ግላይፎሴት የተባለው አረም ገዳይ ኢፒኤስፒ ሲንቴዝ የተባለውን የእፅዋት ኢንዛይም የሚገታው ሺኪሜት 3 ፎስፌት የተባለው ሰብስትሬት ከተቀመጠ በኋላ ነው፤ ሰብስትሬቱ በተጠራቀመ ቁጥር ግላይፎሴቱ የሚይዘው ኢንዛይም ይበዛል። ሰውና ከብት ይህ ኢንዛይም የሚሠራበት መንገድ የላቸውም። ርጭቱ የደረሰበትን ቅጠል በቤተ ሙከራ የሚለዩትም የተጠራቀመውን ሺኪሜት በመለካት ነው።